ሰምና ወርቅ እንዴት ይፈታል? ኅብረ ቃሏን ፈልጎ የማግኛ መንገድ

ቴሌግራም ላይ ሁለት ስንኝ ይለጠፋል፣ ከስሩ መዓት ሰው "ዋው ቅኔ!" ብሎ እሳት ኢሞጂ ይደረድራል፣ አንዱ የዋህ ብቅ ብሎ "ወርቁ ምንድነው?" ሲል ግን ጭጭ። ይሄ ጽሁፍ ለዛ ለየዋሁ ሰውዬ ነው፣ ጭጭ ላሉትም ይጠቅማል። ቅኔ መፍታት ሲወለዱ የሚሰጥ ጸጋ ነው እየተባለ ይወራል እንጂ የአማርኛው ሰምና ወርቅ ቢያንስ በቅደም ተከተል የሚሰራ ስራ ነው፣ የት የት እንደሚፈለግ ካወቃችሁ አብዛኛው ይገኛል። የግዕዙ ቅኔ ሌላ ዓለም ነው፣ እነ ዋሸራ እነ ጎንጅ እነ ዋድላ ሰው ከትንሿ የቅኔ ዓይነት፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ረጅሙ መወድስ እስኪደርስ ዓመታት የሚቀመጥባቸው የቅኔ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ እሱን ለባለቤቶቹ ትቼ በአዝማሪ ቤት፣ በሰርግ፣ በለቅሶና በስልካችሁ ላይ የምታገኙትን ብቻ ነው የማሳያችሁ።

ሶስት ቃል ብቻ እንያዝ። ሰም ማለት ላይ ላዩን የሚሰማው ወሬ ነው። ወርቅ ገጣሚው ሊል የፈለገው። ኅብረ ቃል ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የተሸከመችው ቃል ናት፣ የኛ ስራ በሙሉ እሷን ማደን ነው። ስያሜው ከአንጥረኛ የመጣ ነው፣ አንጥረኛ ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፣ በሸክላ አፈር ይለብጠዋል፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ ሰሙ በተወለት ቦታ ይፈሳል።

ሁሉም የሚያውቃትን እንውሰድና እንየው፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ

ሰሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው፣ አዳም ዕፀ በለስ በላ፣ በዚህ ምክንያት መድኃኔዓለም ተሰቀለ። ወርቁ የአፍቃሪ ነገር ነው፣ በከንፈርሽ የተነሳ ልቤ ተሰቀለ። ኅብረ ቃሏ "ተሰቀለ" ናት፣ በመስቀል ላይ መሰቀልም ነው፣ ልብ በጉጉት መንጠልጠልም ነው (ልብ ሰቃይ ፊልም እንል የለ፣ እሱ ነው)። አሁን አቀማመጡን ልብ በሉት፦ አዳም ከንፈርሽ፣ መድኃኔዓለም ልቤ። የሰሙ ባለቤትና የወርቁ ባለቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ማን የማን ምሳሌ እንደሆነ ገጣሚው በግልጽ ነግሯችኋል ማለት ነው። ይሄ ከግዕዙ የመጣ አሰራር ነው፣ ሁለት ስም ያለ ምንም መስተዋድድ ተጠጋግተው ካያችሁ ግማሹ መንገድ ተጠርጎላችኋል። ችግሩ የዛሬ ዘመን ገጣሚ እንደዚህ ቸር አይደለም፣ ወርቁን ጭራሽ ይደብቀዋል። ስለዚህ ወደ ስራው። (ከዚህ በታች ያሉት ስንኞች፣ ስለ አጼ ቴዎድሮስ ሞት የተባለችው የመቅደላዋ ስትቀር፣ ለማሳያ እኔው የገጠምኳቸው ናቸው፣ ውበት ሳይሆን አሰራር ተመልከቱባቸው።)

አንደኛ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

በዓይን የተነበበ ቅኔ አይፈታም። ፊደላችን ብዙ ነገር ይጽፋል፣ ማጥበቅና ማላላትን ግን አይጽፍም፣ ገጣሚ ደግሞ የሚደበቀው እዛች ቀዳዳ ውስጥ ነው። ገና፣ "ና"ን ካጠበቃችሁት በዓል ነው፣ ካላላችሁት አልደረሰም ማለት ነው። ዋና፣ ሲጠብቅ ዋናው ሰውዬ፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት። ሰፊ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው። አለ፣ ሲጠብቅ ይገኛል፣ ሲላላ ተናገረ። ይበላል፣ ሰውየው ይበላል ወይስ ምግቡ ይበላል? ስለዚህ ስንኙን አንዴ እንደመጣላችሁ አንብቡት፣ ከዛ እያንዳንዷን የተጠራጠራችኋትን ቃል ተቃራኒውን አድርጋችሁ፣ የላላውን አጥብቃችሁ የጠበቀውን አላልታችሁ ድገሙት። አዝማሪ ቤት ከሆናችሁ እድለኛ ናችሁ፣ እንግዳው "ተቀበል!" ብሎ ሲሰጠው አዝማሪው በመሰንቆው እየመለሰ እየደጋገመ ስለሚያዜመው ጊዜ አላችሁ፣ ጆሯችሁን ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ አቁሙ፣ ጎበዝ አዝማሪ አንዴ አጥብቆ አንዴ አላልቶ ይለዋል፣ ቤቱ የሚስቀውም ያኔ ነው።

ከዛ ሰሙን ብቻ በተራ ቋንቋ ተናገሩት

ይሄን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ ቀጥታ ወደ ወርቁ ይሮጣል፣ አብዛኛው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ሰሙን ለህጻን እንደምትነግሩት አድርጋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አውሩት፣ ስታወሩት የምትጎረብጥ ቃል ትኖራለች፣ ከወሬው ጋር የማትሄድ፣ "ይቺ ደሞ እዚህ ምን ትሰራለች" የምታሰኝ። እሷን ያዟት። ለምሳሌ ይቺን ተመልከቱ፦

ባሕር ዳር መሄዱ ምን ሊጠቅመኝ ደግሞ
አባይ እንደሆነ ከጎኔ አለ ቆሞ

ሰሙን እናውራው፦ ወንዙን ለማየት ባሕር ዳር ድረስ አልሄድም፣ አባይ አጠገቤ ነው። ጥሩ። ግን ወንዝ ይቆማል እንዴ? ወንዝ ይፈሳል፣ ይወርዳል፣ ይሞላል፣ ቢበዛ ይደርቃል። ከጎን የሚቆም ሰው ነው። እንግዲህ "ቆሞ" የምትለዋ ቃል ጎረበጠች ማለት አባይ ሰው የሚሆንበት መንገድ አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ አንደኛውን ደረጃ ተጠቅመን "ባ"ን እናላላታለን፣ አባይ፣ እንደ "አባይ ጠንቋይ"፣ ውሸታም። ተፈታ። ወርቁ፦ አጠገቤ የቆመው ሰው ውሸታም ነው። ልብ በሉ፣ የጎረበጠችው ቃል ራሷ ኅብረ ቃል አይደለችም፣ ጠቋሚ ናት። ሰው ብዙ ጊዜ ጠቋሚዋን ይዞ እሷን ሊፈታ ይታገላል፣ "ቆሞ" ውስጥ ምን ወርቅ አለ እያለ ያመሻል። ጠቋሚዋ ጣቷን የቀሰረችበትን እዩ እንጂ ጣቷን አታገላብጡ።

ኅብረ ቃሏ የት ትደበቃለች

በብዛት ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ፣ ወደ መጨረሻው፣ ቤት መምቻው አካባቢ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ካፈነዳት ሰሙን የሚገነባበት ቦታ ያጣል። ሁሌ አይደለም ግን ፍለጋ ስትጀምሩ ከታች ወደ ላይ ሂዱ።

ከስም ይልቅ ግስ ላይ ቶሎ ተጠራጠሩ። አማርኛ ውስጥ አንዳንድ ግሶች ለዚህ ስራ የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። ሳለ፦ ስዕል ሳለ፣ ቢላ ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ። ቆረጠ፦ ስጋ ቆረጠ፣ ቲኬት ቆረጠ፣ ልቡ ቆረጠ። ፈታ፦ ገመድ ፈታ፣ ሚስቱን ፈታ፣ እስረኛ ፈታ፣ ህልም ፈታ፣ አሁን የምንሰራውም መፍታት ነው። ደረሰ፦ መንገደኛው ደረሰ፣ እህሉ ደረሰ፣ ልጅቷ ደረሰች፣ ድርሰት ደረሰ። ሳመ፣ ጣለ፣ ወረደ፣ ገባ፣ ቀና። ስልካችሁ ኖት ላይ የራሳችሁን ዝርዝር ያዙ፣ አዲስ ባገኛችሁ ቁጥር ጨምሩበት፣ መቶ ቅኔ ከመሸምደድ ይሄ ይበልጣል።

ሌላው መደበቂያ የፊደሉ አጻጻፍ ነው። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ዘንድሮ ደሞ ሁሉም በኪቦርዱ ቀድሞ የመጣለትን ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ፊደሉን አትመኑ፣ ሁለት በአጻጻፍ የሚለያዩ ቃላት በአፍ አንድ ከሆኑ ለገጣሚው በቂ ነው። እዩአት፦

ሥጋውን ለመቁረጥ ምን ያታግለኛል
ገብርኤል ይመስክር ስለቴ ደርሶልኛል

ሰሙ፦ የተሳለው ቢላዬ መጥቶልኛል ስጋ ለመቁረጥ አልታገልም። የጎረበጠችው? ገብርኤል! ለቢላ ምስክር ገብርኤልን ማን ይጠራል? ገብርኤል ሲባል ቁልቢ፣ ቁልቢ ሲባል ስለት፣ አለቀ። በመጽሐፍ ስእለት ተብሎ የሚጻፈው በአፍ ስለት ነው፣ ከቢላው ስለት ጋር ጆሮ አይለየውም። ወርቁ፦ የተሳልኩት ነገር ተሳክቶልኛል፣ አሁን ድግስ ላይ ነኝ። "ደርሶልኛል"ም አብራ ታጥፋለች፣ ቢላው መጣልኝ፣ ስለቴ ሰመረልኝ። ጥሩ ቅኔ ላይ ከኅብረ ቃሏ ጋር አንድ ሁለት ረዳት ቃላት እንዲህ አብረው ይዞራሉ፣ ይሄ ትክክል እንደሆናችሁ የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው።

መቀስ የሚፈልጉ ቃላት

አሁን ወደ ከባዱ መጣን፣ እኔ በበኩሌ የምወደው ይሄንን ነው። አማርኛ ቅጥያና ምዕላድ እያጣበቀ አንዱን ቃል ዓረፍተ ነገር የሚያሳክል ቋንቋ ስለሆነ የተጣበቀውን ቆርጣችሁ ስታዩት ሌላ ቃል ይወጣል።

ጨው የበዛበት ወጥ ገበታ ላይ ዋለ
ኧረ እናንተ ሰዎች ባልበላ ምን አለ

ሰሙ ቀላል ነው፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ እኔ ባልበላ ምን ችግር አለው? አንድ ጎርባጭ ነገር አለ ግን፣ አልበላም የሚል ሰው "ኧረ እናንተ ሰዎች" እያለ የሚለማመጠው ለምንድነው? እንዲህ የሚል ጭንቅ የያዘው ሰው ነው፣ የሚጠይቀው ነገር አለው። መቀሱን አንሱ፣ ባል፣ በላ። ባል በላ! ከዛ "አለ"ን አላሉት፣ ምን አለ፣ ምን ተናገረ? ወርቁ፦ ወጡን የሰራችው ሚስት ናት የምትጠይቀው፣ ጨው እንዳበዛች ገብቷታል፣ ባልየው በላ፣ ምን አለ? አያችሁ፣ ባልበላ ላይ "ላ" ላልታ ነበር፣ ባል በላ ላይ ጠበቀች፣ "ምን አለ" ላይ ደግሞ በተቃራኒው የጠበቀው "ለ" ላላ። ማለት አንዱን ስትነኩት ሌላው አብሮ ይገለበጣል።

ለመቁረጥ የሚመቹትን እወቁ፦ በባል፣ በሳል፣ በላል፣ በከ፣ በለ፣ በስን የሚጀምሩ ረዣዥም ግሶች። የሰው ስምም አለ፣ አለማየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ስንቅነሽ፣ በላይነህ፣ ስማችን ራሱ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ገጣሚ አይምረውም። የቦታ ስምም ያው ነው፣ ባሌ የሚል ቃል ካያችሁ አገሩ ይሁን ሰውየው ቆም ብላችሁ አስቡ።

ያገኛችሁትን ፈትኑት

አገኘሁ ብላችሁ ኮመንት ላይ ከመሮጣችሁ በፊት ወርቁን መልሳችሁ ከላይ እስከታች አስገቡት። ወርቅ ማለት በአንዲት ቃል ላይ ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም፣ ሁለቱም ስንኝ በወርቁ ተነቦ ስሜት መስጠት አለበት፣ በሰሙም እንደዛው። በሰሙ ብቻ ትርጉም ካለው ገና አልፈታችሁትም፣ በወርቁ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምናልባት መጀመሪያውኑ ቅኔ አይደለም፣ ግጥም ነው፣ ወይም ስድብ ነው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ክሪፕቲክ ክሮስወርድ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀራረባል፣ እዛም ፍንጩ ላይ ላዩን አንድ ወሬ ያወራል፣ ውስጡ ግን ባንድ በኩል ቀጥተኛ ፍቺ በሌላ በኩል የቃል ጨዋታ አለ፣ ሁለቱ አንድ መልስ ላይ ካልተገናኙ መልሱ ስህተት ነው። ልዩነቱ እነሱ የፊደሉን ብዛት በቁጥር ይነግሩሃል፣ ክፍት ሳጥንም አለህ፣ የኛዎቹ ምንም አይሰጡህም።

ሌላ መፈተኛ፦ ወርቁን ለመድረስ ስንኙ ውስጥ የሌለ ነገር ስንት ጊዜ ጨመራችሁ? "ገጣሚው እዚህ ጋ እነ እገሌን ማለቱ ነው" የምትል ማብራሪያ ስታበዙ ቅኔ እየፈታችሁ ሳይሆን ቅኔ እየጻፋችሁ ነው። ዘንድሮ እንዲህ ነው የበዛው፣ ስለ ዝናብ የተጻፈ ግጥም ሁሉ ፖለቲካ ይወጣለታል፣ ምስኪኑ ሰውዬ ስለ ዝናብ ነበር የጻፈው።

ኅብረ ቃል የሌለው ሲያጋጥም

ሁሉን ሞክራችሁ፣ አጥብቃችሁ አላልታችሁ ቆርጣችሁ ቀጥላችሁ ምንም ካልተገኘ ውስጠ ወይራ ሊሆን ይችላል። እዚህ የምትታጠፍ ቃል የለችም፣ የሚታጠፈው ንግግሩ በሙሉ ነው፣ መፍቻው ደግሞ ጊዜውና ቦታው። አጼ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የተባለችውን አስታውሱ፦

በመቅደላ አፋፍ ላይ ጩኸት በረከተ
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ

በወሬ ደረጃ ካያችሁት የሟች ቁጥር ነው፣ ሴት ይሙት አይሙት አላወቅንም፣ ወንድ ግን አንድ ሞቷል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል። ንጉሡ ራሳቸውን ያጠፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፣ ከዛ ሶስት ቀን ቀደም ብሎ አሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዞቹ ጋር በተደረገው ውጊያ ብዙ ወታደር ወድቋል። ታዲያ እንዴት አንድ? ቁጥሩ እንደ ወሬ ውሸት ስለሆነ እንደ ፍርድ ነው የሚነበበው፣ ከሞቱትም ከቀሩትም ወንድ ሊባል የሚችል አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም ሞተ። ወንድ ማለት ጀግና በሆነበት ዘመን አነጋገር ነው እንግዲህ። እዚህ ጋ ጠቋሚዋ ስንኙ ውስጥ ሳይሆን ውጪ ነበረች፣ የዛን ሳምንት ነገር ያላወቀ ሰው አይደርስባትም። ስለዚህ ውስጠ ወይራ ስትጠረጥሩ ሶስት ጥያቄ ጠይቁ፣ ማን አለው፣ መቼ አለው፣ ማን እየሰማ አለው። ሶስተኛዋ ናት ዋናዋ።

ለሌላ ሰው ስታስረዱ

መፍታት አንድ ነገር ነው፣ ማስረዳት ሌላ። ብዙ ጊዜ የፈታው ሰው ወርቁን ቀድሞ ያፈነዳውና ሰሚው "እሺ" ብሎ ያልፋል፣ ጣዕሙም እዛው ይሞታል። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ሰም፦ ወርቅ፦ ኅብረ ቃል፦ ብሎ መደርደር ለፈተና ጥሩ ነው፣ ለሰው ግን ቅደም ተከተሉን ቀይሩት። መጀመሪያ ሰሙን አውሩለት፣ እስኪስማማ ድረስ። ቀጥሎ ጎርባጯን ቃል አሳዩት፣ "ወንዝ ይቆማል እንዴ?" በሉትና ዝም በሉ። አሁንም ካልገባው "አባይን አላልተህ በላት" በሉት። ብዙው ሰው እዚህ ጋ ራሱ ይጮሃል፣ እናንተ ወርቁን መናገር አያስፈልጋችሁም። ውጪ አገር ያደጉ ልጆች ካሏችሁ ማጥበቅና ማላላቱ በጽሁፍ አይገባቸውም፣ ሁለቱንም አነባበብ በቮይስ ላኩላቸውና ልዩነቱን በጆሮ ይስሙት፣ ከዛ በኋላ የሚገርም ፍጥነት አላቸው።

አንድ የጨዋታ ሕግ ደግሞ አለ፣ ቅኔው የተወረወረበት ሰው ማዕዱ ላይ ካለ ጮክ ብላችሁ አታስረዱ። ገጣሚው በሰም የሸፈነው ሊሸፍነው ፈልጎ ነው። የገባው ይስቃል፣ ያልገባው እቤቱ ሲገባ ይጠይቃል፣ በማህል ገብታችሁ ወርቁን ስትዘረግፉት ጠቡ የእናንተ ይሆናል። "ማለቴ ስለ ወንዙ ነው" ብሎ ገጣሚው ይወጣል፣ እናንተ ናችሁ የምትቀሩት።

ለመለማመጃ ሁለት

ቀፎው ሞልቶ ሳለ ማር ብለው ዝም አለኝ
ምን አጥፍቼ ይሆን እንዲህ የጨከነብኝ

በጉንም ገዝቼ ስንት ቀን ጠበቅኩሽ
ሁልጊዜ ሁልጊዜ ገና ነው መልስሽ

መጀመሪያ ሞክሯቸው፣ ከዛ ወደ ታች ውረዱ።

የመጀመሪያዋ፦ ሰሙ ማር የጠየቀና የተከለከለ ሰው ነው። ጎርባጯ "አጥፍቼ" ናት፣ ማር ለመከልከል ጥፋት አያስፈልግም፣ ንፉግነት ይበቃል። ጥፋት ካለ ምህረት አለ፣ ስለዚህ ማር፣ የንቡ ሳይሆን ይቅር በል የሚለው። ይቅርታ ጠይቄው ዝም አለኝ ነው ወርቁ። መጥበቅ መላላት የለም፣ መቁረጥ የለም፣ ኅብረ ቃሏ ደግሞ መጀመሪያው ስንኝ ላይ ናት፣ ከታች ወደ ላይ ፈልጉ ያልኳችሁ ሁሌ እንደማይሰራ እዩበት።

ሁለተኛዋ፦ በጉ ወደ በዓል ይገፋችኋል፣ ሆን ተብሎ ነው። ጎርባጯ "ሁልጊዜ" ናት፣ በዓሉ በዓመት አንዴ ነው። "ና"ን አላሉት፣ ሽማግሌ የላከ ሰው ነው፣ ድግሱን ሁሉ አሰናድቶ የሚጠብቅ፣ የልጅቷ መልስ ደግሞ ገና ነው፣ አልደረሰም፣ ቆይ። "መልስሽ"ንም ድጋሚ እዩአት፣ ከሰርግ በኋላ የሚደገሰው መልስም መልስ ነው።